ከጁስ ቤት የመጣው አቮካዶዬ አራት ዓመት ሞላው፤ ያፈራል ወይስ ልቁረጠው?

መነሻው ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ትንሽ ይረዝማል።

የዛሬ አራት ዓመት ልጄ ከሰፈራችን ጁስ ቤት አንድ የአቮካዶ ዘር ይዛ መጣች። ሦስት ስቴኪኒ ወጋችበትና ግማሹ ውሃ ውስጥ እንዲገባ አድርጋ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀመጠችው። ስድስት ሳምንት ያህል ምንም የለም። ውሃው ሸተተኝ። ልጥለው ስል ከታች ተሰንጥቆ ነጭ ሥር ብቅ አለ።

አሁን በ20 ሊትር የቀለም ባልዲ በረንዳችን ላይ ቆሟል። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ቁመቱ እኔን በልጦ ጫፉ ጣሪያው ላይ ታጥፏል። ቅጠሉ ያምራል፤ ጫፍ ጫፉ ግን ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። አበባ አይቼ አላውቅም። ባለቤቴ የልብስ ማስጫ አሳጣን፣ ይቆረጥ ባይ ነው። ልጄ ከተቆረጠ እህል አልቀምስም ብላለች። ያፈራል ወይስ አያፈራም?

መልሶቹ

መድረኩ ላይ የከፈትኩት ክር (የውይይት ሰንሰለት) 31 መልስ ስለደረሰ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይሰለች በየቁጥሩ ምን እንደተባለ ልጻፍ። በመሃል የራሴንም ጣል አደርጋለሁ። የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ መብቴ ነው።

መልስ 1 ከሐዋሳ ነው። በአጻጻፋቸው ትልቅ ሰው ይመስሉኛል፤ ሰላምታቸው ብቻ አራት መስመር ነበር። ነገሩ ሲጨመቅ፣ አይቆረጥ ነው ያሉት። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ይፈጅበታል፣ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል። የእኔው ገና ልጅ ነው። የእሳቸው በስምንተኛው ዓመት እንዳፈራና ያን ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ቡና እንደጠሩ ጽፈዋል።

መልስ 2 ሰላምታም የለው። ይቆረጥ፣ አለቀ። ባልዲ ውስጥ ያለ ዛፍ ከቅጠል ሌላ እንደማይሰጥ፣ አቮካዶ ላማረው ሰው ደግሞ ጉልት ሩቅ እንዳልሆነ አስታወሰኝ። ባለቤቴ ይህን መልስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ።

መልስ 3 ችግኝ የሚሸጥ ልጅ ነው። ነገሩ በደንብ የገባኝ በእሱ ነው። አቮካዶ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም። ንቧ ከየትኛው ዛፍ የአበባ ዱቄት ይዛ እንደመጣች ማን ያውቃል? ጁስ ቤት የጣፈጠን አቮካዶ ዘሩ ቢተከል ፍሬው ውሃ ውሃ የሚል ወይም ክር የበዛበት ሊሆን ይችላል። ከእናቱ የተሻለም ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ነጋዴው ጣዕሙ ከታወቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከዘር በበቀለ ችግኝ ግንድ ላይ ይሰካል። እንዲህ ያለው በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል፤ የተሰካው ቅርንጫፍ ዕድሜው የእናቱ ዕድሜ ስለሆነ የልጅነት ጊዜውን ጨርሶ ነው የመጣው። ይህን የተዳቀለ አቮካዶ ብሎ ጠራው።

መልስ 4 ለዚህች ቃል ተነሳ። መምህር ነገር ነው። መዳቀል ማለት የአንዱ አበባ ዱቄት ከሌላው ጋር ተገናኝቶ አዲስ ዘር ሲፈጠር እንጂ ሁለት እንጨት ታስሮ አብሮ ሲኖር እንዳልሆነ አስረዳ። ከላይ ያለው ከላይ እንዳለ፣ ከታች ያለውም ከታች እንዳለ ይኖራል፣ አይቀላቀሉም፤ ስሙ ግራፍት ነው። ልክ ነው። ችግኝ ሻጩ ግን ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ በመልስ 6 መለሰለት፣ ትንሽ ከፍቶት። ገበያ ላይ ሰው የሚጠይቀው የተዳቀለ አለህ ወይ ብሎ ነው፤ ግራፍት ያለ ዕለት ደንበኛው ወደ ሚቀጥለው ሻጭ ይሄዳል። እኔ ከሻጩ ጋር ነኝ። እንጀራው ነው።

በመሃል መልስ 5 አለፈ፤ ማንም ልብ አላለውም፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። ስለ ቅጠሉ ጫፍ ነው የጠየቀኝ፤ ባልዲው ስንት ቀዳዳ አለው? ሄጄ አጋደልኩት። ልጄ በሚስማር የበሳቻት አንዲት ቀዳዳ ነበረች፣ እሷንም ሥሩ ደፍኗታል። ከሥር የወጣው ሽታ የረጋ ኩሬ ነው። የአቮካዶ ሥር የቆመ ውሃ አይወድም፣ ቶሎ ይበሰብሳል። ደግሞ በየቀኑ በኩባያ ጠብ ጠብ ሲደረግለት በውሃው ያለው ጨው አፈሩ ውስጥ እየቀረ ይጠራቀምና መጀመሪያ የሚያቃጥለው የቅጠሉን ጫፍ ነው። መድኃኒቱ ብዙ ሰፋ ያለ ቀዳዳ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ ከሥር እስኪወርድ ድረስ በደንብ ማጠጣት። ያን ቀን ባለቤቴ በጋለ ብረት አምስት ቀዳዳ አወጣለት። ይቆረጥ ያለው ሰውዬ።

መልስ 7 ታሪክ ነው፤ ልጄ ገልብጣ ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች። ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው አቮካዶ አብዛኛው ሃስ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ሲበስል ልጣጩ የሚጠቁረው። ስሙ የሩዶልፍ ሃስ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደብዳቤ እያደለ የሚኖር ሰው። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዘር ገዝቶ ተከለ። ዘሩን የሸጠለት ሰው ካገኘበት ሁሉ፣ ከምግብ ቤት ትራፊ ሳይቀር ይሰበስብ ነበር ይባላል። አንዷ ችግኝ ላይ ግራፍት ቢሞከር እምቢ አለች። ሊቆርጣት ሲል ተዋት አሉት፣ ተዋት። እሷ ያፈራችው ነው ሃስ የተባለው። በ1935 በስሙ አስመዘገበው። እናቲቱ ዛፍ እስከ 2002 ኖራ ሥሯ በስብሶ ሞተች። ዓለም ላይ ያለ የሃስ ዛፍ ሁሉ ከእሷ ቅርንጫፍ የወረደ ነው።

መልስ 8 ወዲያው ውሃ ቸለሰበት። ሎተሪ የወጣለት አንድ ሰው ስላለ ሁሉም ሰው ደመወዙን ሎተሪ ይግዛበት ማለት እንዳልሆነ ጻፈ። መልስ 2 ከሥር በአውራ ጣት ደገፈው።

መልስ 9 ከደብረ ብርሃን፣ አጭርና የሚያሳዝን። ሦስት የአቮካዶ ችግኝ ከልጆቿ ጋር አሳድጋ ኅዳር ላይ ውርጩ በአንድ ሌሊት ወሰደባት። ጠዋት ስትነሳ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። መልስ 10 ከዚህ ተነስቶ የከፍታ ነገር አመጣ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አቮካዶ ግቢ ውስጥ ያፈራባታል። ፓሽን ፍሩትም አጥር ላይ ይወጣላታል፣ ያውም ቶሎ፣ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል። ማንጎና ፓፓያ ግን ብርዷን አይችሉም፤ ይበቅላሉ፣ ቅጠል ያወጣሉ፣ ከዚያ ዝም። ቢሾፍቱ ወረድ ሲሉ ነገሩ ይቀየራል፤ አርባ ምንጭ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው።

መልስ 11ን ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አዳማ ነው የሚኖረው። ከቁርስ ፓፓያ ዘሩን ሰብስቦ፣ ዘሩን የሸፈነችውን ዝልግልግ ነገር በወንፊት ላይ አሽቶ አጥቦ (እሷ ካልወጣች ቶሎ አይበቅልም) አንዱን ጓሮው ላይ ተከለ። ዓመት ሳይሞላ ከሰው ቁመት አለፈ፤ አበባው በረጅም ክር ተንጠልጥሎ እንደ ሠርግ ቤት መጋረጃ ወረደ። ሰፈሩ አደነቀ። ሁለት ዓመት ቢጠበቅ አንድ ፍሬ የለም። ወንድ ነው ለካ! ፓፓያ ወንድ ዛፍ፣ ሴት ዛፍና ሁለቱንም የያዘ ዛፍ አለው፤ ዘሩን በማየት አይለይም። በረጅም ክር የሚንጠለጠለው አበባ የወንዱ ነው፤ የሴቷ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ይወጣል። አሁን አንድ ጉድጓድ ላይ ሦስት አራት ይተክላል፤ አበባ ሲያወጡ ትርፉን ወንድ ይነቅላል። ሚስቱ ይህን ስታይ የምትለውን እዚህ አልጽፈውም።

መልስ 12 እና 13 ስለ አናናስ ናቸው። አንዷ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የጻፈችው። የአናናሱን አናት ጠምዝዛ አወጣች፣ የታችኞቹን ቅጠሎች ላጠች፣ ቁስሉ እንዲደርቅ ጥቂት ቀን አቆየችውና ተከለች። በጋ በረንዳ፣ ክረምት ሳሎን። ሦስት ዓመት ሆነው፣ ቅጠሉ ካልሲዋን ከመቅደድ ሌላ የሠራው ነገር የለም። 13 አንድ የበሰለ ፖም አጠገቡ አድርጋ በላስቲክ ሸፍና ለጥቂት ቀን እንድትተወው መከራት። ከፖሙ የሚወጣው ጋዝ አበባ ያስወጣዋል፤ አምራቾችም በዚሁ ጋዝ ይሠራሉ። እኔ አልሞከርኩትም።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። መልስ 14 የሙዝ ዘር ከየት ይገኛል ብሎ ጠየቀ። የምንበላው ሙዝ ዘር እንደሌለው፣ ከእናቱ ሥር ከሚወጣው ቡቃያ እንደሚተከል መልስ 15 ነገረውና ወደ እንሰት ገባ። ጉራጌ አገር አያቱ እንዴት እንደሚያባዙት አየነው ያህል ጻፈልን፤ ዋናውን ግንድ ከላይ ቆርጦ፣ መሃሉን ቦርቡሮ አውጥቶ፣ በአፈርና በፍግ ሞልቶ መቅበር። ከአንዱ እዚያው ብዙ ችግኝ ይፈላል። ቆንጆ ነው፤ ግን ጥያቄው የእኔ በረንዳ ነበር።

ከ16 እስከ 19 ያለውን የሚቸኩል ሰው ይዝለለው። አንዷ ከበላችው ዘይቱን ፍሬውን ተክላ እንደበቀለላት ጻፈች። ሌላው ዘይቱን ማለት ወይራ ነው፣ ዓረብ አገር ጠይቂ ብሎ ተቆጣ። እሷም ዓረብ አገር የሚባለውን ዓረብ አገር ይበሉት፣ እኔ እናቴ ያስተማረችኝን ነው የምለው በሚል መንፈስ መለሰች። ደብረ ዘይት ተጠቀሰ። ከተማው ቢሾፍቱ ነው የሚል ተነሳ። ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ሲል የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ ወደ ፍራፍሬው እንድንመለስ ለመነ። ልጅቷ ግን አልተሳሳተችም፤ በእኛ አፍ ዘይቱን ያ ውስጡ ሮዝ የሆነው፣ ሽታው ቤቱን የሚሞላው ፍሬ ነው።

መልስ 20 ከእስራኤል ነው፤ ስለ ቴምር። ማሳዳ በሚባለው ጥንታዊ ምሽግ ላይ በ1960ዎቹ ቁፋሮ የተገኘ ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ የቴምር ዘር በ2005 (እ.ኤ.አ.) በቅሎ ማቱሳላ ተባለ። የእኔ አራት ዓመት ምን አላት ለማለት ነው ያመጣው። መልስ 11 ከአዳማ ብቅ ብሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ፆታው? ወንድ። (በኋላ መልስ 20 ከሌላ ጥንታዊ ዘር ሴት በቅላ በእሱ ዱቄት ቴምር መስጠቷንም ጨምሮ ነግሮናል።)

መልስ 21 ከዱባይ የጻፈች እህት ናት። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። የማንጎውን ደረቅ ቅርፊት በመቀስ ጫፍ በጥንቃቄ ፈልቅቃ፣ ውስጡ ያለውን ሳይደርቅ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላ፣ ሲያጎነቁል በባዶ የእርጎ ዕቃ ትተክላለች። ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ስድስት ደርድራለች። የቤቱ አሮጊት መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር፤ አሁን ጠዋት ጠዋት እሳቸው ናቸው የሚያጠጡት። ከአንዱ ዘር አራት ቡቃያ ስለወጣ በሽታ ይሆን ብላ ፈርታለች። መልስ 22 አረጋጋት። አንዳንድ የማንጎ ዓይነት ከአንድ ዘር ብዙ ቡቃያ ያወጣል፤ ከእነሱም አብዛኞቹ የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። እንዲያውም ዕድለኛ ናት። ወደ አገር ቤት ስትመጣ በሻንጣ ልትይዛቸው ማሰቧን ሲሰማ ግን ድምፁን ቀየረ። ያለ ፈቃድ ችግኝ ማስገባት ተባይ ማስገባት ነው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ምሥራቅ ወለጋ ላይ መጀመሪያ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ስንቱን ገበሬ እንዳስለቀሰ አስታወሳት። ልክ ነው፤ ቃሉ ግን ለእሷ ትንሽ ከበደ። ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታ መጠየቅ የነበረባት አልመሰለኝም።

መልስ 23 የተቆላ ቡና ይበቅላል ወይ የሚል ነበር። ቀልድ ነው ብዬ ላስብ።

መልስ 24 ማስጠንቀቂያ ነው፣ ጓሮ ላለው ሰው ይጠቅማል። ለበዓል የታሰረ በግ የአቮካዶ ቅጠል ደርሶ በልቶ በማግስቱ ታመመባቸው። ቅጠሉ ፐርሲን የሚባል ነገር አለው፤ ለበግ፣ ለፍየል፣ ለፈረስ፣ ለወፍም መርዝ ነው። በጉ ተረፈ ወይስ ታረደ አልነገሩንም።

መልስ 25 በጣም አናደደኝ። ፎቅ ላይ ዛፍ የሚተክል ሰው ከሥሩ ያለውን ጎረቤት የማያስብ ነው፣ እሱም ከላዩ በሚንጠባጠብ ጭቃ ውሃ ልብሱ ተበላሽቶ የሕንፃ ኮሚቴ ድረስ እንደሄደ ጻፈ። ልመልስለት ሁለት አንቀጽ ጻፍኩ። ከዚያ አምስቱ ቀዳዳ ትዝ አሉኝ። በረንዳ ወጥቼ ወደ ታች አየሁ፤ የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ነጭ አንሶላ ተሰጥቷል፣ ጫፉ ላይ ቡናማ መስመር። ሁለቱን አንቀጽ አጠፋኋቸው። ሰፋ ያለ ሳፋ ገዝቼ ከሥሩ አደረግሁ፣ አንሶላውንም አጠብኩላቸው። እርጎ ዕቃ ሞልተው መለሱልኝ።

26 እና 27 ተሰዳደቡ፣ ተሰርዟል።

መልስ 28 ከጅማ ናት፤ ይህን ክር ለማንበብ ምክንያት ካስፈለገ እሷ ናት። ለምን ይቆረጥ ወይም አይቆረጥ ትላላችሁ አለችን፤ ዛፉ ሥር አለው፣ የጎደለው አናት ነው። ራስሽ ግራፍት አድርጊው። ከሚያፈራና ጣዕሙን ከምታውቂው ዛፍ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ጫፉ ላይ እምቡጡ ያበጠ ግን ያልፈነዳ ቅርንጫፍ ቁረጪ። አንድ ጣት ያህል ርዝመት ይበቃል። ቅጠሉን አራግፊ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልይ፣ በዚያው ቀን ሥሪው። የአንቺን ዛፍ ጉልበትሽ ላይ በሚደርስበት ቁረጪ፤ ከሥር አንድ ሁለት ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ግን ተይለት፣ እሱ ያበላዋል። የተቆረጠውን ግንድ መሃሉን በአዲስ ምላጭ ሰንጥቂ። ቅርንጫፉን ከሁለት ወገን እንደ ሽብልቅ ቅረጪ። ስትሰኪው መሃል ለመሃል አታድርጊ፤ ግንዱ ስለሚወፍር ወደ አንድ ጠርዝ ይጠጋ። ልጣጩ ሥር ያለችው አረንጓዴ መስመር ከመስመሯ መግጠም አለባት፤ ካልገጠመች ሁሉም ከንቱ ነው። በፌስታል ጥብጣብ አጥብቀሽ እሠሪ፣ ከላይ ላስቲክ ከረጢት አልብሺ፣ ከፀሐይ አርቂ። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት። እጅሽ የምላጩን ስለት አይንካ፣ እንደ ልጅም አትላሺው ብላ ጨርሳለች።

መልስ 29 የእኔ ነው። ከእኛ ሕንፃ ጀርባ ግቢያቸው ውስጥ የሚያፈራ ዛፍ ያላቸው እማማ አሉ። ልጄን ይዤ ሄድኩ። ለምን እንደፈለግነው ስነግራቸው ሦስት ቅርንጫፍ ራሳቸው መርጠው ቆረጡልን፣ ሁለት አቮካዶም ጨመሩ። ዛፉን ስቆርጠው ልጄ ፊቷን አዞረች። ባለቤቴ ግንዱን ያዘልኝ። ከግንዱ ነጭ እንጨት የወጣው ሽታ ደስ ይላል፣ ትንሽ እንስላል የሚል። ስንጥቁ ሰፋ ስላለ ሁለቱን በሁለት ጠርዝ ሰካሁ፤ ሦስተኛውን ምላጩ ስቶ አበላሸሁት።

መልስ 30፣ ያው መልስ 2 ነው። ቦታው ስለተለቀቀ ልብስ ማስጣት እንደሚቻል እንኳን ደስ አላችሁ አለ።

መልስ 31 የጅማዋ ናት፤ ስንት ቀን እንደሆነውና ቀለሙ ምን እንደሚመስል ጠይቃኛለች። ዛሬ 24ኛ ቀኑ ነው። አንደኛው ጠቁሯል፤ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ውስጡ ቡናማ ነው። ሁለተኛውን ጫር ሳደርገው አረንጓዴ ነው፣ እምቡጡም ከትናንት ያበጠ ይመስለኛል። ልጄ አዎ ትላለች፣ ባለቤቴ ያው ነው ይላል። ላስቲኩን ገና አላወለቅሁም። ከውስጥ ላብ አለው።